አንዱ ይዞ አንዱ ሲለቅ
ስለ እጅ ፍሬን ለመኪና ባለቤቶችና ለወጣት መካኒኮች የቀረበ ዲስኩር



በመኪና የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ ብል የአዳራሹ እኩሌታ የሚያወጣ ይመስለኛል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን ብዙ እጅ ያስወርዳል። ዛሬ የእጅ ፍሬን ስባችሁ ስትወርዱ መኪናችሁን የያዘው ሁለቱም የኋላ ጎማ ነው ወይስ አንዱ ብቻ?

አለማወቃችሁ አያስወቅስም። የእግር ፍሬን ሲዛባ ወዲያው ይናገራል። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ መሪው ይታገላል፣ ሹፌሩም ፈርቶ በማግሥቱ ጋራዥ ይገባል። የእጅ ፍሬን ግን የሚሳበው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። በሜዳ ላይ ደግሞ የቆመን መኪና ለመያዝ አንድ ጎማ ይበቃል። ስለዚህ ግማሹ የማይሠራ የእጅ ፍሬን እንደ ሙሉ ተቆጥሮ ለዓመታት ይኖራል። ጉዱ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው፤ አለዚያም ክሪክ የገባበት ጎማ ያው ብቸኛው የሚይዘው ጎማ የሆነ ዕለት ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ልዩነት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚፈጠረው ጎማው ውስጥ ወይም ወደ ጎማው በሚሄደው ኬብል ላይ ነው። እኛ ግን ጥገናውን የምንጀምረው ከእጀታው ሥር ካለችው ዳዶ ነው። ያቺ ዳዶ መጨረሻ ላይ የምትነካ እንጂ መጀመሪያ ላይ የምትነካ አይደለችም። ዛሬ ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር ባታስታውሱልኝም አልቀየምም።

እስቲ የነገሩን ክብደት በቁጥር እንየው። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንቦች ውስጥ ስለ ቤት መኪና ፍሬን የሚደነግገው ቁጥር 13-ኤች፣ የእጅ ፍሬን ሙሉ ጭነት ያለበትን መኪና በ20 በመቶ ዳገትና ቁልቁለት ላይ አቁሞ መያዝ አለበት ይላል። 20 በመቶ ማለት አምስት ሜትር ሲኬድ አንድ ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ነው። ለዚህም እጀታውን የሚስበው እጅ ከ400 ኒውተን በላይ፣ ማለትም ከ41 ኪሎ ገደማ በላይ ጉልበት እንዲያወጣ መገደድ የለበትም።

አሁን 1,000 ኪሎ ገደማ የምትመዝን አንዲት ቪትዝ በዚያ ዳገት ላይ አቁሟት። ወደ ታች የሚጎትታት ኃይል 196 ኪሎ ያህል ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተካፍለው ሲይዙ ለእያንዳንዱ 98 ይደርሰዋል፤ ይህን በደረቅ አስፋልት ላይ ያለ ችግር ይችሉታል። የቪትዝ ሞተር ከፊት ስለሆነ ግን ከክብደቷ በኋላ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው 40 በመቶ ገደማ ነው፤ በነፍስ ወከፍ 200 ኪሎ። አንድ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ካረፈበት ክብደት ብዙ ጊዜ 80 በመቶ ያህሉን ነው ሊይዝ የሚችለው። ስለዚህ የአንዱ ጎማ የእጅ ፍሬን የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ከ160 ኪሎ አያልፍም፤ ታምቡሩ ተቆልፎም ጎማው ራሱ ይንሸራተታል። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርጋ ከቆመች ደግሞ ክብደቷ ወደ ፊት ስለሚሸሽ የኋላ ጎማዋ ይበልጥ ይቀላል። ዝናብ የመታውን የሰፈር ኮብልስቶን ጨምሩበት። «አንዱም ቢይዝ ምናለ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው።

የአውሮፓ ኅብረትና የእንግሊዝ ዓመታዊ ምርመራ ከዚህ ለዘብ ይላል፤ የእጅ ፍሬን ቢያንስ የመኪናውን ክብደት 16 በመቶ ያህል ኃይል ይስጥ ነው የሚለው። ለእኛዋ ቪትዝ 160 ኪሎ መሆኑ ነው። ምርመራው በሮለር ላይ ሲሆን የእያንዳንዱ ጎማ ቁጥር ለየብቻ ይወጣል። ለቦሎ ስትሄዱ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለበት ጣቢያ ከገጠማችሁ «አለፈ» የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ አትውጡ፤ የግራውንና የቀኙን ቁጥር ጠይቁ።

ለመሆኑ የእጅ ፍሬን ለምን ይዛባል? የእግር ፍሬንስ ለምን ያን ያህል አይዛባም?

መልሱ በመኪና ታሪክ ውስጥ አለ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዋ መኪና ወደ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ስትገባ በዓለም ላይ ያሉ መኪኖች ፍሬን በዘንግና በገመድ የሚጎተት ነበር። እያንዳንዱን ጎማ በየራሱ ዘንግ ከጎተታችሁ አንዱ ዘንግ ይረዝማል፣ አንዱ መጋጠሚያ ይበላል፣ ሌላው ይዝጋል፤ መኪናውም ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። የዚያን ዘመን መካኒክ አንዱ ጣጣ ይኸው ነበር። ነገሩን የፈታው ፈሳሽ ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲገፋ ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል፤ ማንም ሊያስተካክለው አያስፈልግም። አሜሪካዊው ዱሰንበርግ እ.ኤ.አ. በ1921 በአራቱም ጎማ ላይ የፈሳሽ ፍሬን ያለው መኪና ለገበያ አወጣ። ፎርድ በዘንግና በገመዱ እስከ እ.ኤ.አ. 1939 ሞዴሉ ድረስ ችክ አለ።

የእጅ ፍሬን ግን ወደ ፈሳሽ አልዞረም፤ እንዲዞርም አልተፈቀደለትም። ፈሳሽ ቀስ ብሎ ሊያፈስ ይችላል፤ ዳገት ላይ ሌሊቱን የሚያድር መኪና ደግሞ በሚያፈስ ነገር አይታመንም። ስለዚህ ከላይ ያነሣሁት ደንብ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ በብረት ብቻ ተቆልፎ እንዲቆይ ያዛል። በመኪናችሁ ውስጥ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ የተረፈ አንድ አሠራር ቢኖር ይህ ነው፤ ያን ዘመን ያስቸገረው መዛባትም አብሮት ተርፏል።

አሠራሩን እንከተለው። እጀታውን ስትስቡ ከሥሩ ያለው ጥርስ እየተቆለፈ «ቀጭ ቀጭ» ይላል። እጀታው አንድ ዘንግ ወይም አንድ አጭር ኬብል ይጎትታል። እሱም ከመኪናው ሆድ ሥር ወይም ከእጀታው አጠገብ ካለች አጭር ብረት መሐል ላይ ተያይዟል። የዚያች ብረት ሁለት ጫፎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ የሚሄዱትን ሁለት ኬብሎች ይዘዋል። ማመጣጠኛ እንበላት። ሥራዋ የቀንበር ሥራ ነው፤ አንዱ በሬ ቢቀድም ቀንበሩ ይዘማል እንጂ ሸክሙ ለአንዱ ብቻ አይሆንም። ማመጣጠኛዋ የምታስተካክለው ርቀትን ሳይሆን ኃይልን ነው። የቀኙ ጎማ የፍሬን ሸራ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ወደ ቀኝ ዘማ ያንን ክፍተት ትበላለታለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም እኩል ይጎተታሉ።

ማመጣጠኛዋ እንዲህ የምትሠራ ከሆነ እጀታው ለሁለቱም እኩል ነው የሚሰጠው ማለት ነው። አንዱ ጎማ ያልያዘው እጀታው ስላዳላ አይደለም። ወይ የተሰጠው ኃይል በመንገድ ላይ ቀርቷል፣ ወይ ደርሶ ጎማው ሊጠቀምበት አልቻለም፣ ወይ ማመጣጠኛዋ ራሷ በዝገት ደርቃ መዝመም አቅቷታል። ፍለጋችን ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሙ። የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ፤ ድንጋይም ቢሆን ይሁን፣ ግን ትልቅና ጥርብ ይሁን። ማርሹን ፎሌ አድርጉ። የኋላውን በክሪክ አንሡና በመደገፊያ ብረት ላይ አሳርፉት፤ ክሪክ ለማንሣት የተሠራ እንጂ ሰው ከሥሩ እስኪወጣ ድረስ ለመሸከም የተሠራ አይደለም። የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ መልሱና ሁለቱን ጎማዎች በየተራ በእጅ አሽከርክሩ። ሁለቱም ነጻ ሆነው መዞር አለባቸው። ገና ከዚህ አንዱ ከባድ ከሆነ ግማሹን መልስ አግኝታችኋል።

ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ አንድ ጥርስ ይሳብ። አሽከርክሩ። ሁለተኛ ጥርስ፣ አሽከርክሩ። እያንዳንዱ ጎማ በስንተኛው ጥርስ መፈግፈግ እንደጀመረና በስንተኛው ጨርሶ እንደተያዘ በጠመኔ ጎማው ላይ ጻፉ። የብዙዎቹ ትናንሽ ቶዮታዎች መመሪያ እጀታው በ20 ኪሎ ጉልበት ሲሳብ ከ6 እስከ 9 ጥርስ ሄዶ እንዲይዝ ይፈልጋል። የሚነዳው የኋላ ጎማ በሆነ መኪና፣ ለምሳሌ በላዳ፣ በሃይስ ወይም በሃይሉክስ ላይ፣ አንዱን ጎማ ስታዞሩ ሌላው በተቃራኒው ሊዞር ይችላል። ይህ የዲፈረንሻሉ ባሕርይ ነው፤ አንድ ሰው ያኛውን ይያዝላችሁ።

እነዚያ በጠመኔ የተጻፉ ቁጥሮች ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ይናገራሉ። አንዱ ጎማ ዘግይቶ ጀምሮ በመጨረሻ ግን ጠንክሮ ከያዘ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ ሸራው ተበልቶ ማስተካከያው አልተከተለውም። ሁለቱም እኩል ጀምረው አንዱ እስከ መጨረሻው በእጅ የሚዞር ከሆነ ሸራው ደርሷል ግን አይነክስም፤ ዘይት ነክቶታል ወይም ፊቱ እንደ መስታወት ለስልሷል። አንዱ ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም ይዞ ስትመልሱት አልለቅ ካለ፣ ኬብሉን ጠርጥሩ። ሦስቱን የሚለየው የያዘበት ጥርስ ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደያዘና እንዴት እንደለቀቀም ጭምር ነው። ይህን ሳይለዩ ታምቡር መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

ክሪክ የሌለው ሰው ሌላ ዘዴ አለው። ሰው የሌለበት ጠጠር ሜዳ ላይ፣ በጣም በዝግታ እየሄዱ፣ የእጀታውን ቁልፍ እንደተጫኑ መሳብና ወርዶ ዱካውን ማየት ነው። የያዘው ጎማ ጠጠሩን አርሶት ይገኛል፤ ያልያዘው አበባውን አትሞ አልፏል። ይህን ግን እርጥብ አስፋልት ላይ የሚሞክር ካለ ራሱ መኪናው ዞሮ መልሱን ይሰጠዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረውን የኬብልን ነገር ላስቀድም። ኬብሉ በሽፋን ውስጥ የሚሄድ የሽቦ ገመድ ነው። ሽፋኑ አንድ ቦታ ከተቀደደ ውሃና አቧራ ይገባል፤ ውሃው ዝቅ ባለው እጥፋት ላይ ይተኛል፤ ሽቦውም እዚያው ይዝጋል። ከሁለቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ለማርሚታው ይቀርባል፣ የውስጥ ፕላስቲኩም በሙቀት ይበላሻል። ክረምቱን ሙሉ የእጅ ፍሬን እንደተሳበ ቆሞ የከረመ መኪና ደግሞ የተለመደ ተጠቂ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ኬብሉን ከጎማው በኩል ፍቱትና በእጅ ጎትቱት። ጤነኛው በቀላሉ ይሄዳል፣ በቀላሉም ይመለሳል። የታመመው ይንገራገጫል፤ ወይም ሄዶ እዚያው ይቀራል። ጫፉ ላይ ዘይት እያንጠባጠቡ ማለማመድ የተለመደ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ጭራሹን ያጣብቀዋል። የዛገ ኬብል ይለወጣል እንጂ አይታከምም። መንገዱ ቢያስቸግር ብላችሁ መኪናችሁን በስፔሰር ያስነሣችሁ ሰዎችም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አካሉ ሲነሣ ኬብሉ ይወጠራል፣ ምናልባትም ከአንዱ ወገን ይበልጥ።

ከመኪናው ሥር ሳላችሁ ማመጣጠኛዋን እዩ። እጀታው ሲሳብ ከሚጎትታት ዘንግ ጋር ቀጥ ብላ መስቀል ከሠራች ሁለቱም ወገን እኩል ሄዷል። ወደ ፊት ይበልጥ የሄደው ጫፍ ክፍተቱ የሰፋው ወገን ነው። ወደ ኋላ የቀረው ደግሞ ወይ በቶሎ የያዘው ጎማ ነው ወይ የደረቀው ኬብል። እስከ መጨረሻው ዘማ አካሉን ነክታ የቆመች እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማመጣጠን አትችልም። አንዳንዴ መላው ችግር ይኸው ሆኖ ይገኛል፤ ጭቃውን ጠርጎ፣ በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ፣ ግራሶ መቀባት ይበቃል። ነጻ ጥገና ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ሲገጥም ማመስገን ነው።

ወደ ታምቡሩ ውስጥ እንግባ። ሸራው ሲበላ ክፍተቱን እየተከተለ የሚያጠብ በራሱ የሚሠራ ማስተካከያ አለ፤ ጥርሳም ጎማ ያላት አጭር ቪቲ ናት። ሸራዎቹ ሲከፈቱ አንዲት ምላስ ጥርሷን ትገፋታለች፣ ቪቲዋም ትረዝማለች። በአንዱ ጎማ ውስጥ በዝገት ከደረቀች ያኛው እየተስተካከለ ይህኛው ይቀራል፤ ዘግይቶ የሚይዘው ጎማ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀብቶ መመለስ ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ለወጣት መካኒኮች አንድ ነገር አለኝ። የግራና የቀኝ ማስተካከያ የተገለበጠ ጥርስ ነው ያላቸው። ሁለቱንም ታምቡር በአንድ ጊዜ ከፍቶ ሁሉንም ዕቃ አንድ ሳፋ ቤንዚን ውስጥ የሚዘፈዝፍ ሰው ሲመልስ ያለዋውጣቸዋል። የተለዋወጠች ማስተካከያ ምላሷ በገፋቻት ቁጥር ከመርዘም ፈንታ ታጥራለች፤ መኪናው ጥሩ ሆኖ ከጋራዥ ይወጣና በሳምንታት ውስጥ ይላላል። አንዱን ታምቡር ጨርሳችሁ ሌላውን ክፈቱ። የሞላው አሰካክ ቢጠፋባችሁም ያልተከፈተው ወገን ያስታውሳችኋል።

ሸራ ላይ ዘይት ከተገኘ ጥያቄው «የምን ዘይት?» ነው። ቀጭንና ቀለም የሚበላ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ ከውስጥ ያለው ትንሹ ሲሊንደር ያፈሳል። ወፍራምና የድኝ ሽታ ያለው ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ የጎማው ዘንግ ላይ ያለው ማፈኛ ጎማ አርጅቷል። ይህኛው በፊት ጎማ በምትነዳ ቪትዝ ላይ አይመጣም፣ የኋላ ዲፈረንሻል የላትማ። በሃይስና በሃይሉክስ ላይ ግን የተለመደ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከልክ በላይ ከተሞላ ወይም መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አዲሱም ማፈኛ አይቆይም። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም። ከላይ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ከውስጥ ያለው ዘይት ይወጣል። ሸራ የሚለወጠው ደግሞ በሁለቱም ጎማ ነው፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጎ እኩል ይያዝ ማለት አይሆንም። ታምቡር ቶርኖ ቤት የምትልኩም ሁለቱንም ላኩ፣ ልክም ይኑራችሁ። 200 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተሠራ የቶዮታ ታምቡር 201 ላይ ሲደርስ ዕድሜው አልቋል፤ የመጨረሻው ልክ ብዙ ጊዜ በታምቡሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በመሐሉ ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ። ታምቡር ተከፍቶ በኮምፕሬሰር አየር ሲነፋ ያየሁባቸው ጋራዦች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ያ ጥቁር አቧራ ተራ አቧራ አይደለም። በአሮጌና በርካሽ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነው። ከአጠገቡ ተቀምጦ ካቻቢቴ የሚያቀብለው ልጅ ነው ከሁሉ አብልጦ የሚተነፍሰው። በውሃና በሳሙና አርጥባችሁ ጥረጉት። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ለምን እንደማይለመድ ለእኔ አይገባኝም።

አሁን የተቃወምኩትን ጥገና ላሳያችሁ። ባለመኪናው መጥቶ «የእጅ ፍሬኔ አይዝም» ይላል። መካኒኩ የእጀታውን ልባስ ያነሣል፣ ዳዶዋን ያጠብቃል፣ እጀታው በሦስተኛው ጥርስ ድርቅ ይላል። ባለመኪናው ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ታምቡሩ ውስጥ ግን የሆነው ሌላ ነው። ኬብሉ ሁልጊዜ ስለተወጠረ በሸራው ላይ ያለችው ማንሻ ወደ ማረፊያዋ አትመለስም። ሸራው ያለ ማቋረጥ ይፈገፍጋል፣ ማስተካከያዋም በትክክል መሥራት ያቆማል። የሚፈገፍገው ደግሞ የቱ ነው? ያው ደህናው ጎማ ነው። ደካማው ደካማ እንደሆነ ቀረ፣ ደህናው እየተቃጠለ መሄድ ጀመረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

መቃጠሉም ቀልድ አይደለም። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 140 ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ከቁልቁለቱ የተነሣ እንዲያው ይሞቃል። በዚያ ላይ አንዱ ታምቡር ሜዳውን ሁሉ እየፈገፈገ መጥቶ ከሆነ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ይሰምጣል። የእጅ ፍሬንን ለማጥበቅ ተብሎ የእግር ፍሬን ሲጠፋ ማለት ነው። ከረጅም መንገድ በኋላ አንዱ የኋላ ቸርኬ ከሌላው ተለይቶ ከጋለ እንዲህ ያለውን ጠርጥሩ። በመዳፍ አትንኩት፣ ውሃ ጠብ አድርጉበትና እዩ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንግዲህ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የእጀታውን ዳዶ አላልታችሁ ኬብሉን ነጻ አድርጉ። ቀጥሎ በየታምቡሩ ሸራውን አስተካክሉ፤ ጎማው እስኪያዝ አጥብቃችሁ፣ ከዚያ በነጻነት እስኪዞር ድረስ ጥቂት ጥርስ መልሱ፣ በሁለቱም ወገን እኩል። የእግር ፍሬኑን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ሸራዎቹ መሐል እንዲይዙ አድርጉ። በመጨረሻ ብቻ፣ ጎማዎቹ በማይፈገፍጉበት ልክ፣ ዳዶዋን አጥብቁና ጥርሱን ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ያኔ ማጥበቅም አያስፈልግም።

ከኋላ ዲስክ ያላቸው መኪኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። ፕራዶና የመሳሰሉት በዲስኩ መሐል ትንሽ ታምቡር ይዘዋል፤ ያ ታምቡር ለእጅ ፍሬን ብቻ ነው። የሚሠራው መኪናው ከቆመ በኋላ ስለሆነ ሸራው አይበላም፤ ግን ይዝጋል፣ አዲስ ሲገባም ፊቱ አይገራም። ቶዮታ ራሱ በመመሪያው ውስጥ ማስገሪያ ዘዴ አለው፦ ቁልፉን እንደተጫኑ እጀታውን በ9 ኪሎ ገደማ ጉልበት ስቦ፣ በደረቅና ሜዳ መንገድ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 400 ሜትር ያህል መንዳት፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም። ባዶ መንገድ ፈልጉለት። ሌሎቹ፣ በተለይ ከአውሮፓ የመጡ ብዙ መኪኖች፣ ኬብሉ የሚጎትተው የዲስኩን መንከሻ ራሱን ነው። በእነሱ ላይ የሚታየው መንከሻው ላይ ያለችው ትንሿ ክንድ ናት፤ ስትለቁት እስከ መቆሚያዋ መመለስ አለባት፤ የአንዱ ወገን ካልተመለሰች ዘንጓ ደርቋል። ደግሞ የጋለ ዲስክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና መያዣው ይላላል። ብዙ ቁልቁለት ወርዳችሁ ወዲያው ስትቆሙ አንድ ጥርስ ጨምሩ፣ ማርሽም አስገቡ።

ማርሽ ካነሣሁ አይቀር፣ ማርሽ የእጅ ፍሬንን መዛባት እንዴት እንደሚሸፍን ላስረዳ። በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ይይዛል። ዘንጉ ከተያዘና አንዱ ጎማ ከተቆለፈ ዲፈረንሻሉ ሌላውንም እንዲዞር አይፈቅድለትም። ስለዚህ በአንድ ጎማ የሚይዝ ላዳ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ዳገት ላይ ያድራል፤ ባለቤቱም የእጅ ፍሬኑ ደህና እንደሆነ ያምናል። ፎሌ ያደረገው ቀን ነው የሚያውቀው።

አይሱዙ ኤንፒአርና የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች ደግሞ የእጅ ፍሬናቸው ጎማው ላይ አይደለም፤ ከካምቢዮው ወይም ከትራንስፈሩ ኋላ ባለ ታምቡር ላይ ነው፣ ዘንጉን ነው የሚይዘው። በእነዚህ ላይ ግራና ቀኝ የሚባል መዛባት የለም። ግን አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ከተነሣ ፍሬኑ ከንቱ ነው። አየር ላይ ያለው ጎማ ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ዘንጉ ግን እንደተቆለፈ ነው። መኪናው ከክሪኩ ላይ ይሄዳል ማለት ነው፣ ከነጭነቱ። የጭነት መኪና ረዳቶች ድንጋይ ይዘው የሚዘሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ድንጋዩ ከዚያ በኋላ መንገዱ መሐል መቅረቱ ነው፤ በሌሊት የሚመጣው ባለሞተር ምን አጠፋ? ታኮ ያደረገ ሰው ሲሄድ ታኮውን ያንሣ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች የሚጠይቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ በከተማችን በዝተዋል። በአብዛኞቹ ላይ እጀታም ኬብልም ማመጣጠኛም የለም። ቁልፍ ስትጫኑ በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ያለ ትንሽ ሞተር የየራሱን ወገን ያጠብቃል። የሚገርመው ግን፣ ብዙ የምናየው የፎልክስዋገን አይዲ 4 የኋላ ፍሬን ዲስክ ሳይሆን ታምቡር መሆኑ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት የሚቀንሰው በአብዛኛው በሞተሩ ስለሆነ የኋላ ፍሬኑ ብዙም አይሠራም፤ የማይሠራ ዲስክ ይዝጋል፣ የተዘጋ ታምቡር ግን ይጠበቃል። መዛባትም አልቀረም፤ ሸራ ይበላል፣ ሞተሯ ትደክማለች፣ የአንዱ ወገን ሶኬት ውሃ ይገባዋል። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ የሞተሯን ጉልበት እየለካ መብራት ማብራቱ ነው። እነዚህን በካቻቢቴና በፒንሳ ገፍቶ ለመመለስ መሞከር ሞተሯን ይሰብራል፤ መጀመሪያ በመመርመሪያ መሣሪያ ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለባቸው።

በጓሮ በኩል አንዲት ቪትዝ በመደገፊያ ብረት ላይ ቆማለች፤ የቀኝ ወገኗ ሆን ተብሎ ተዛብቷል፣ ምኑ እንደተነካ ግን አልነግራችሁም። ጠመኔ በሩ ላይ አለ። ወጣቶቹ ቅደሙ፤ ጥያቄ ያላችሁ ታላላቆቻችን እዚሁ ከእኔ ጋር ቆዩ።